አቡጀዲ ከመብራት በታች

ጥቅምት 2 ቀን 75፣ ማክሰኞ

ሦስተኛው መጸዳጃ ቤት። ዛሬም ስገለብጥ ዋልኩ። ቀለሙ ወፍሯል፣ ብዕሩ ይዘጋል። ትንፋሼን ይዤ አሰምራለሁ፤ መስመሩ ሊያልቅ ሁለት ጣት ሲቀረው ጠብ! በምላጭ ፍቄ እንደገና። ደብተሬ፣ ሰው በመጸዳጃ ቤት ፕላን ሊያለቅስ ይችላል ብልህ ታምነኛለህ?

እያንዳንዱ ፕላን ቀኝ ግርጌው ላይ ሦስት ሳጥን አለው። ነዳፊ። ገልባጭ። አጽዳቂ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሜ የሰፈረው መካከለኛው ላይ ነው። የእህል ጎተራ፣ ገልባጭ ሙሉነሽ። የቀበሌ ጽ/ቤት፣ ገልባጭ ሙሉነሽ። የከብት መከተቢያ በረት፣ ገልባጭ ሙሉነሽ። ከራሴ አንድ መስመር ጨምሬ አላውቅም። (አንድ ጊዜ አንድ በር ላይ እጀታ ጨመርኩ። አስፋቁኝ።)

ከሰዓት በኋላ ጓድ ታፈሰ ፊቱን አጥቁሮ ገባ። የንድፍ ክፍላችን ኃላፊ ነው። ፊት ለፊት እርስዎ ነው የምለው፤ እዚህ ግን ማንም አያየኝም። በጣና ሐይቅ ዳር ያለው ሆቴል የምግብ አዳራሽ ጉድ ሆኗል። የጣሪያው የሲሚንቶ ሶሌታ በክረምቱ እያዠ ካርታ መስሏል። ይሸፍነዋል ተብሎ ከውጭ የታዘዘው የፕላስቲክ ኮርኒስ ወደቡ ላይ ቁጭ ብሏል። በኅዳር መጀመሪያ ደግሞ ከአዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። ስስ ጣውላ፣ ኮምፔንሳቶ እንምታበት አለ አንዱ። የሬሳ ሣጥን ውስጥ እንደ መብላት ነው አለ ሌላው።

እኔ አፌ አያርፍ። ጨርቅ ቢወጠርበትስ፣ ከጨርቁ በላይም መብራት ቢገባበትስ? አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ጓድ ታፈሰ አልሳቀም። ነገ ከነገ ወዲያ ነድፈሽ አሳዪኝ አለ።

አሁኑኑ እርሳሴን ልቅረጽ።

ጥቅምት 4፣ ሐሙስ

አሳየሁት!

ሐሳቡ ከየት መጣ ብሎ ጠየቀኝ፤ ከቤታችን ብል ስለሚስቅብኝ ከመጽሐፍ አልኩ። ለአንተ ግን እውነቱን። ናዝሬት ልጅ ሳለሁ ኮርኒሳችን ጨርቅ ነበር፤ የማን አልነበረም? አቡጀዲ በሚስማር የተወጠረ። ቆርቆሮው አንድ ቀዳዳ ነበረው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ፀሐይ በዚያ ገብታ ጨርቁ ላይ ታርፋለች። አልጋ ላይ ተንጋልዬ አያታለሁ። እንደ እንቁላል አስኳል ክብ ናት። ቀስ እያለች ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ትሄዳለች። አይጥ ስታልፍ ጭራዋ ሳይቀር ይታያል። አባቴ ቀዳዳውን ሊደፍን መሰላል ያመጣ ቀን ያለቀስኩት ልቅሶ እስከ ዛሬ ይወራብኛል።

ንድፉ ይኸው፦ ስምንት አራት ማዕዘን ገበታ፣ መካከል አንድ ትልቅ ክብ። እያንዳንዱ ዙሪያውን የሚይዘው የእንጨት ክፈፍ፣ ቴላሮ አለው። ጨርቁ ከታች ይወጠራል፣ ፍሎረሰንቱ ከላይ ይተኛል። አራት ማዕዘኖቹን በጨርቁ ወርድ ልክ ስላደረግኋቸው ስፌት የላቸውም። ክቡ ግን ወርዱ አይበቃውም፤ መሰፋት አለበት። ስፌት ደግሞ ከኋላው መብራት ሲበራ ጠባሳ ነው። ስለዚህ ጨርቁን እንደ ዳቦ ቁራሽ ሽብልቅ ሽብልቅ አድርጌ እቆርጥና እያንዳንዱን ስፌት ከቴላሮው ቀጭን ጅማት ሥር አሳርፈዋለሁ። የሚያይ ሰው ጨረር እንጂ ስፌት አያይም። ይህን ሳስብ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ መካከለኛውን ኮከብ እናድርገው አለ። ኮከብ አምስት ጫፍ ስላለው አምስት ቦታ ይረግባል አልኩት። ቴክኒካዊ ምክንያት ሲሰማ ሰው ሁሉ ዝም ይላል።

ጓድ ታፈሰ ብዙ አየው። ቢረግብስ? አለ። አይረግብም። ቢረግብስ? በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን። እንግዶቹ ሦስት ቀን ይቆያሉ። ሦስቱንም ቀን ተወጥሮ ከቆየ በነዳፊ ሳጥን ውስጥ የኔ ስም ይጻፋል። ከረገበ ጣሪያው ወደ ኮምፔንሳቶ፣ እኔም ወደ መጸዳጃ ቤቶቼ።

ጥቅምት 10፣ ረቡዕ

ጨርቁ መጣ! ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በደብዳቤ፣ በሦስት ማኅተም። ነጭነቱ ዓይን ይወጋል። ሲነካ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። በጣም ስለወደድኩት ማንም እንዳይነካብኝ እላዩ ላይ ቁጭ ብዬ ምሳዬን በላሁ።

ገበየሁ የሚባል ኤሌክትሪሲያን ተመድቦልኛል። የዱር ቤቴ ከተማ ሰው፣ የአምስት ልጆች አባት፣ ቀልደኛ። ከመሰላል ላይ ሆኖ ያወራል፣ ከመሰላል ሲወርድ ዝም ይላል። ቴላሮዎቹ አልቀዋል፤ ፍሎረሰንቶቹ ግማሹ ይሠራሉ፣ ግማሹ ያስባሉ።

ጥቅምት 13፣ ቅዳሜ። 6 ሰዓት

አራቱን ገበታ ወጠርን። በጣቴ መታሁት። ከበሮ! ገበየሁ ሸብሸብ አለበት። ጓድ ታፈሰ ለማየት ማታ ይመጣል። ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

ያው ቀን፣ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል

ረገበ።

ፀሐይዋ ስትገባ ሐይቁ እርጥበቱን ላከብን። አራቱም አንድ ላይ፣ ቀስ እያሉ፣ ዓይኔ እያየ ወረዱ። ጓድ ታፈሰ ሲገባ አራት እርጉዝ ሆዶች ከጣሪያው ተንጠልጥለው ተቀበሉት። መብራቱን አበሩት፣ ባሰ። ባርኔጣውን አደረገና ወጣ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 14፣ እሑድ

አልተኛሁም። ጠዋት ሆቴሉ ሄጄ ሆዶቹ ሥር ተቀመጥኩ። ፀሐይ ወጥታ መልሰው ተወጥረዋል፣ ምንም እንዳላደረጉ። ከንቱዎች።

እትዬ የሺ አገኙኝ። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ኃላፊ ናቸው፤ አንሶላ ሲያጥፉ ጥይት የተኮሱ ይመስላል። አላጽናኑኝም። ቀና ብለው አዩና፣ ይህንን ነገር አለቃ ጥሩነህን ጠይቂ አሉኝ። እኒህ ሰው በሐይቁ ደሴት ገዳም የሥዕል ጨርቅ የሚያዘጋጁ ናቸው። ሠዓሊው ከመሳሉ በፊት ጨርቁን የሚወጥሩት፣ ግድግዳው ላይ የሚለጥፉት እሳቸው ናቸው። የውሃ መካከል ቤተ ክርስቲያን፣ ክረምት ከበጋ እርጥበት፣ ጨርቁ ግን የሠዓሊው ዕድሜ እስኪያልቅ አይረግብም። ደሴቱ ግን ሴት የማይገባበት ነው። እትዬ የሺ ይህን ሲነግሩኝ፣ ‹‹አንቺ ባትገቢ ጥያቄሽ ይገባል›› አሉኝ።

ጥቅምት 16፣ ማክሰኞ

የዛሬውን በሙሉ ልጽፍልህ፣ ደብተሬ፤ ብረሳው ኃጢአት ነው።

በሆቴሉ ጀልባ ሄድን፣ እኔና ገበየሁ። የደሴቱ ወደብ ላይ ስንደርስ እሱ ወረደ፣ እኔ ጀልባው ውስጥ ቀረሁ። ስድስት ጥያቄ በወረቀት ጽፌ፣ አንድ ክንድ አቡጀዲ አስይዤ ላክሁት። አንድ ሰዓት ቆየ። ፀሐዩ ይጠብሳል። ፔሊካኖቹን ቆጠርኩ፣ አሥራ ሰባት። ደግሜ ቆጠርኩ፣ አሥራ አራት።

ገበየሁ ሲመለስ በእጁ ግማሽ ዳቦ ይዟል። አፉ ሙሉ ነው።

‹‹ስድስቱንም ጠየቅኋቸው። ስድስቱንም መለሱልኝ። አንዱም አልገባኝም።››

መልሶቹን ጽፎ አምጥቷል። አንደኛ፣ በምን ይወጠራል? በእጅ። ሁለተኛ፣ መቼ ይወጠራል? በጠዋት። ሦስተኛ፣ ለምን ይረግባል? ሰው ስላልጠየቀው። ከዚያ በታች ያለውን ዳቦው ቀብቶታል።

‹‹እኔ መብራት እንጅ ጨርቅ የት አውቄ! ምነው ራስሽ...›› አለና ሴት እንደማትገባ ትዝ ሲለው ዳቦውን ጎረሰ።

ሳቄም ልቅሶዬም አንድ ላይ መጣ። ልንመለስ ባለጀልባው ሞተሩን ሲያስነሣ ከዛፎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ በመቋሚያቸው ድንጋዩን እየነኩ ወረዱ። ቀጭን፣ ረዥም፣ ጣታቸው እስከ መገጣጠሚያው ሙጫ የበላው። አለቃ ጥሩነህ ናቸው። ጥያቄውን የላከውን ሰው ሳላይ መልስ መላክ ነውር ነው ብለው ነው የወረዱት። እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ እኔ ጀልባ ውስጥ። በመካከላችን ሁለት ክንድ ውሃ።

አቡጀዲውን ተቀበሉ። ዓይናቸው ደከም ያለ ስለሆነ አላዩትም። ጫፉን ምላሳቸው ላይ አደረጉት! ቀመሱት። ተፉ።

‹‹ልጄ፣ ይህ ጨርቅ የዱቄት ሙቅ ጠጥቷል። ፋብሪካው አብልቶታል። ቀን ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ሐይቁ ማታ ሲተነፍስበት ሙቁ ይላላል። አቡጀዲ ሳይታጠብ ሲሰፋ የት አይተሻል?››

የትም። እናቴ የትራስ ልብስ እንኳን ሳታጥብ ሰፍታ አታውቅም። ያገሩ ሴት ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እኔ ነጭነቱና መንኮሻኮሹ እንዳይጠፋ ብዬ፣ ለእንግዶቹ አዲስ ሆኖ እንዲታይልኝ ብዬ ተውኩት። እርስዎ ይህንን እንዴት በምላስ ያውቃሉ? አልኳቸው። አርባ ዓመት ቀምሻለሁ፤ ጾም ሲሆን ነው የሚቸግረኝ አሉና በሳቅ ተንፈቀፈቁ።

ትምህርታቸውን እንዳለ ጽፌዋለሁ። ሦስት ጊዜ ይታጠብ። ፀሐይ ይምታው። ሲወጠር እርጥብ ይሁን። ከመካከል ተነሥቶ ወደ ጠርዝ፣ በመስቀለኛ። ‹‹ከጥግ የጀመርሽው ጥግ ላይ ያለቅስብሻል።›› እኔ አራቱንም ከጥግ ነበር የጀመርኩት።

ጀልባው ሲርቅ ቆመው መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉልኝ። ሥራው ሲያልቅ መጥተው እንዲያዩልኝ ለመንኩ። ከተማ ከወረድሁ አያለሁ አሉ።

ጥቅምት 18፣ ሐሙስ

የሐይቁ ዳር ዛሬ ሠርግ ነበር። እትዬ የሺና አራት አጣቢዎቻቸው፣ እኔ፣ ገበየሁም ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ። የተወጠሩትንም አውርደን፣ ጨርቁን ሁሉ ሦስት ጊዜ ዘፍዝፈን፣ ሦስት ጊዜ ረግጠን፣ ሦስት ጊዜ አለቅልቀን። የመጀመሪያው ውሃ እንደ አጥሚት ነጣ። እትዬ የሺ እያዩ፣ ይህን ሁሉ ጣሪያ ላይ ልትሰቅዪው ነበር? አሉኝ። አጣቢዎቹ እየረገጡ ግጥም ያወጡልኛል፤ አንዱ ግጥም የኔንና የገበየሁን ስም አንድ ላይ ስላነሣ ገበየሁ ‹‹አምስት ልጅ አለኝ ኧረ!›› እያለ ሸሸ።

ከዚያ ሣሩ ላይ ሰጣነው። ከሆቴሉ በረንዳ እስከ ውሃው ድረስ ነጭ። ወገቤ ተቆርጧል። እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጥቅምት 20፣ ቅዳሜ

ክቡን ትናንት በእትዬ የሺ የስፌት መኪና ሰፋሁት። ሽብልቁ አሥራ ሁለት። የጠመኔ ምልክት ስለቀረበት ዛሬ ከሰዓት በኋላ እንደገና ታጠበ። ፀሐይ ቀድማን ገባች፤ አልደረቀም። ሣሩ ላይ እንደተሰጣ ይደር፣ ነገ ጠዋት ፀሐይ ታገኘዋለች አልኩ። ዘበኛው ይጠብቀዋል፤ የሚሰርቀው የለም።

ጥቅምት 21፣ እሑድ

ጉማሬ።

ደብተሬ፣ ጉማሬ ረገጠው። የተጻፈው በትክክል ነው፣ ደግመህ አታንብበው።

ጠዋት 2 ሰዓት ስደርስ ዘበኛው፣ እትዬ የሺና ገበየሁ በጨርቁ ዙሪያ ቆመዋል፣ ልክ የሞተ ሰው እንደሚታይ። ከውሃው ወጥታ ሣር ስትግጥ አድራ አቋርጣው ሄዳለች። አብዛኛው ርምጃ ጫፍ ጫፉ ላይ ነው፤ ያ ይቆረጣል። አንዱ ግን ከመካከሉ አንድ ስንዝር እልፍ ብሎ፣ የፊት እግር፣ ከአራቱ ጣቶቹ ጋር። በጥቁር ጭቃ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጣው ያደረ ጭቃ።

ዘበኛውን ጮህኩበት። በየማታው ነው የምትመጣው፤ አለ። ለምን አልነገራችሁኝም? ሦስቱም ተያዩ። ገበየሁ ነው የመለሰው።

‹‹ጉማሬ ሣር እንደምትበላ የማያውቅ ሰው አለ ብለን መች አሰብን?››

ናዝሬት ጉማሬ የለም! አልኩና ሣሩ ላይ ዘጭ አልኩ። አለቀስኩ። እያለቀስኩ ሳለ ገበየሁ በርከክ ብሎ እግሯን በስንዝሩ ሲለካ አየሁ። የጫማ ቁጥሯ ስንት ነው? አለኝ። በአፍንጫዬ ሳቅሁ። ከዚያ ማቆም አቃተን፤ እትዬ የሺ ሳይቀሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው።

በሳሙና። በአመድ። በሎሚ። በእንዶድ። ጥቁሩ ሄደ፤ ደብዛዛ ሻይ የመሰለ ነገር ቀረ። ፋብሪካው ሌላ ጨርቅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ወር አጋማሽ ነው። እንግዶቹ ደግሞ በአሥራ አንድ ቀን።

ጥቅምት 25፣ ሐሙስ

ዘጠኙንም ወጠርን። እርጥብ፣ ከመካከል፣ በመስቀለኛ። ጣቶቼ ቆስለዋል። ምሽት 1 ሰዓት፦ አልረገበም። 2 ሰዓት፦ አልረገበም። ገበየሁ መሰላሉ ላይ ሆኖ ሐይቁን፣ ‹‹ተንፍስ! ተንፍስ እንጅ!›› ይለዋል።

ብርሃኑ ተቀይሯል። ያልታጠበው ነጭ ነበር፤ የታጠበው ወተት። አዳራሹ ውስጥ የሰው ፊት ሁሉ ያማረ ይመስላል፣ የዘበኛውም።

እግሯ? መብራቱ ሲጠፋ አይታይም። ሲበራ ይወጣል። አራት ቅጠል ያለው፣ የሻይ ቀለም ያለው ነገር። ገበየሁ በላዩ ያለውን ፍሎረሰንት እናጥፋው አለ፤ ሞከርነው፣ ጥላው ባሰ። ጓድ ታፈሰ መጥቶ አየ። ስለ እግሯ ልናገር አፌን ስከፍት፣ አልረገበም፣ አለ። ሌላ ነገር አላየም። አፌን ዘጋሁ።

ኅዳር 2፣ ሐሙስ

መጡ። ሰባት መኪና። እኔና ገበየሁ በወጥ ቤቱ በር ስንጥቅ እናያለን። የመሪያቸው ወንበር ልክ ከእግሯ በታች ነው፤ ማን እንዳደረገው አላውቅም።

ሰውየው ሾርባ ጠጣ። ዓሣ በላ። ቀና አለ። ማንኪያውን አስቀመጠ። ገበየሁ ክንዴን ጨመደደኝ። ሰውየው በጣቱ ወደ ላይ ጠቆመና አንድ ነገር አለ፣ ጠረጴዛው ሁሉ ቀና አለ። ሥራ አስኪያጁ ሮጦ ሄደ። ጓድ ታፈሰ ተነሣ።

መሪው ያሉትን በኋላ አስተናጋጁ ነገረን። ይህች አበባ ምንድን ናት? ብለዋል። ሥራ አስኪያጁ ሳያመነታ፣ የጣና አበባ ናት፣ የራሳችን ባለሙያ የነደፈችው፣ አለ፤ ጓድ ታፈሰም አዎን ብሎ አጸና። ለአንድ ሙሉ ጣሪያ አንዲት አበባ ብቻ፣ ያውም ከመካከል ትንሽ እልፍ ብላ፤ እንዴት ያለ ድፍረት ነው! አሉ። አጨበጨቡ።

ገበየሁ የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን እኩል አልሳቅሁም።

ኅዳር 6፣ ሰኞ

ትናንት ሄዱ። ሦስት ቀን፣ አንድ ክር እንኳን አልረገበም። ዛሬ ጓድ ታፈሰ ወንበር ስቦልኝ አስቀመጠኝ! በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። የነዳፊው ሳጥን ያንቺ ነው፣ ቃሌ ቃል ነው አለ።

ቀጥሎ፦ ሌሎች ሁለት ሆቴሎችም ይህንን ጣሪያ ይፈልጋሉ። ከነአበባው። አበባዋ ግን ተለቅ ትበል፣ በዘጠኙም ገበታ ትግባ። ፕላኑን እስከ ዓርብ።

ጠረጴዛዬ ላይ ተመልሼ ቀለም ቀዳሁ። አንዲትም መስመር አልወጣልኝ አለ። ደብተሬ፣ ምን እንደሚያበሳጨኝ ልንገርህ። ሦስት ቀን ቀና ብለው በሉ፣ ቀና ብለው ጠጡ። ስፌቱ የት ገባ ያለ የለም። ማታ ማታ ለምን አልረገበም ያለ የለም። ያጨበጨቡት ለጉማሬዋ ነው። አሁን እግሯን በጥንቃቄ ገልብጬ ነዳፊ ሙሉነሽ ብዬ ልፈርም? ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ሳጥን መጥቶ የጉማሬ ገልባጭ ልሁን?

ደግሞ እፈራለሁ። አበባ አይደለችም ብል ጓድ ታፈሰ ባለሥልጣን ፊት ዋሽቶ ተገኘ ማለት ነው። ሳጥኑን መልሶ ይወስደዋል። አፌን በዚያን ዕለት ነበር መክፈት።

ኅዳር 9፣ ሐሙስ

አለቃ ጥሩነህ መጡ! ለኅዳር ሚካኤል ጧፍ ሊገዙ ከተማ ወርደው ነው። ጫማቸውን በር ላይ ሊያወልቁ ሲሉ፣ ምግብ ቤት ነው ብለን ከለከልናቸው።

መብራቱን አበራንላቸው። መካከል ቆሙ። መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ቀና አሉ። አንገታቸው እንዳይደክም ወንበር ብናመጣላቸው እንቢ አሉ። ስለ አበባዋ እስኪጠይቁኝ ጠበቅሁ።

‹‹ስፌቱ ወዴት ገባ?›› አሉ።

ደብተሬ፣ ጠየቁኝ! በጣቴ አሳየኋቸው፤ በየጨረሩ ውስጥ፣ ከጅማቱ ሥር። አንድ በአንድ አሥራ ሁለቱንም ፈለጓቸው። ባገኙት ቁጥር ‹‹እሰይ›› ይላሉ። እሰይ። እሰይ። ድብብቆሽ ላይ እንደሚያገኟቸው ልጆች። ከዚያ ዓይናቸው እግሯ ላይ አረፈ፣ ጠበብ አደረጉት።

‹‹ይህችማ ጉማሬ ናት! የፊት ግራዋ። ማን አስወጣት እዚህ ላይ?››

ሰባት መኪና ሙሉ ሰው ያላየውን ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ አዩት። ነገርኳቸው፣ ሁሉንም፤ አበባውን፣ ጭብጨባውን፣ ነገ የሚቀርበውን ፕላን። ሲስቁ ቆዩ። ሲጨርሱ እንዲህ አሉኝ፦

‹‹ሠዓሊው ሥዕሉ ሥር ስሙን ይጽፋል፤ እኔ ጨርቁ ላይ አልጽፍም። አልጽፍም እንጅ ግን፣ እኔ ያልወጠርሁትን ወጥሬዋለሁ ብዬ አላውቅም። የወጠርሁትንም ሌላ ሰው ወጠረው ሲሉኝ ዝም አልልም። ሁለቱም ውሸት ነው፣ ልጄ።››

እስከ ጀልባው ሸኘኋቸው። ሲለዩኝ የጨርቅ ቁራጭ ለመኑኝ፤ ከታጠበው። ሰጠኋቸው። ቀመሱትና ኪሳቸው ከተቱት።

ኅዳር 10፣ ዓርብ። 3 ሰዓት

ከ12 ሰዓት ጀምሮ ቢሮ ነኝ። ፕላኑ አልቋል። ንጹሕ፣ አንድ ቦታ እንኳ በምላጭ ያልተፋቀ። ስምንቱ ገበታ ባዶ ነጭ ነው። ክቡ ላይ አሥራ ሁለቱ ጨረር፣ በጎኑም ስፌቱ እንዴት እንደሚያርፍ በትልቁ ተነድፏል። ከዚያ በታች የአለቃ ጥሩነህ ትምህርት በቁጥር፦ ሦስት ጊዜ ይታጠብ፣ እርጥብ ይወጠር፣ ከመካከል ይጀመር። ‹‹የጨርቁ አወጣጠር፦ አለቃ ጥሩነህ›› ብዬ ጽፌያለሁ። ይቆጡኝ እንደሆነ እንጃ።

እግሯንም ነድፌያታለሁ፤ አልካድኳትም። በትክክለኛ መጠኗ፣ በቦታዋ፣ አንዲት ብቻ። ቀስት አውጥቼ እንዲህ ጻፍኩ፦ ‹‹የጉማሬ እግር። በነዳፊዋ ስህተት ሣር ላይ ያደረ ጨርቅ። ለሌላ ሆቴል አይደገምም።››

ገበየሁ አይቶ ራሱን ያዘ። ይቀድዱታል አለ። ይቅደዱት። ሌላ እነድፋለሁ፣ እሱም ላይ ይኸው ይጻፋል። ቆርጫለሁ። ደግሞም እንግዶቹ ለዘላለም አበባ ነው ብለው ይመኑ እንጂ የነዚያ ሁለት ሆቴሎች ሠራተኞች የሚያምር ነገር ሲፈልጉ ጉማሬ ሊለምኑ ነው? ይህን ስለው ሳቀና በሩን ከፈተልኝ።

ጓድ ታፈሰ ገብቷል፤ ሳሉን ሰማሁ።

ነዳፊ፣ ሙሉነሽ። ጻፍኩት። አጽዳቂ፣ ለሱ ትቼለታለሁ። መካከለኛው ሳጥን ባዶ ነው፤ የገለበጠ ሰው የለም። ሁለት ዓመት ስሞላው የኖርኩት ሳጥን ባዶውን እንደዚህ ማማሩ! እየጠራኝ ነው፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ልግባ፣ ቆይ